መድሃኒቱን ያስቆመው ቱቦ፦ በአንድ የሉኬሚያ ጥናት ላይ ያጋጠመ ሐሰተኛ የፕሌትሌት ማነስ

በደም በሽታዎች ላይ ክሊኒካዊ ምርምር የሚሠራ ሀኪም ከታካሚው ጋር ከሚያሳልፈው ጊዜ ባልተናነሰ ከቁጥሮች ጋር ይውላል። ዶዝ የሚጨመረው፣ የሚቀነሰውና የሚቋረጠው በቁጥር ነው። እዚህ የተመዘገበው ጉዳይ አንድ ትክክለኛ የሚመስል ቁጥር ታካሚዋን ለ24 ቀን ያለ መድሃኒት ያቆየበት ነው። ማሽኑ አልተበላሸም፤ ሠራተኛም ደንብ አልጣሰም። ስህተቱ ሳይታይ የቆየው ቁጥሩ ሁሉም ሰው ከሚጠብቀው ጋር ስለገጠመ ነው።

ዳራ

ተሳታፊዋ የ47 ዓመት ሴት ናቸው። ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ (ነጭ የደም ሴሎችን ከመጠን በላይ የሚያበዛ የደም ካንሰር) ተገኘባቸው። በምርመራው ቀን ነጭ የደም ሴላቸው በማይክሮ ሊትር 142,000 ነበር፤ ጣፊያቸውም ከጎድን አጥንት ጠርዝ 6 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ይዳሰስ ነበር። የአጥንት መቅኔ ምርመራ በሽታው በመጀመሪያው፣ ማለትም በክሮኒክ ምዕራፍ ላይ መሆኑን አረጋገጠ። የስምምነት ቅጹን አንብበውና ጠይቀው ከፈረሙ በኋላ፣ አዲስ ታካሚዎች ኢማቲኒብ የተባለውን የዚህ ሉኬሚያ መድሃኒት በቀን 400 ሚሊግራም እየወሰዱ ክትትል ወደሚደረግበት ጥናት ገቡ።

ፕሮቶኮሉ (የጥናቱ የአሠራር ሰነድ) የዶዝ ውሳኔ በሙሉ በማዕከላዊ ላቦራቶሪ ውጤት ላይ ብቻ እንዲመሠረት ያዛል። ምክንያቱ ጤናማ ነው፦ ብዙ ሆስፒታሎች በተለያየ ማሽን ቢቆጥሩ ውጤቱን ማነጻጸር ይከብዳል። ደሙ በኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል ባለበት) ቱቦ ተቀድቶ በክፍል ሙቀት ይላካል፤ ማዕከላዊው ማሽን ላይ የሚደርሰው ከተቀዳ ከ24 እስከ 30 ሰዓት በኋላ ነው። በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ የተቆጠረው የመጀመሪያው ቀን ደም ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ታካሚዎች ድርብ ደም እንዳይቀዱ ተብሎ ቀረ።

የዶዝ ደንቡ ለኢማቲኒብ የተለመደው ነው። ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሕዋስ) ከ50,000 ወይም ኒውትሮፊል (አንዱ የነጭ የደም ሴል ዓይነት) ከ1,000 በታች ከወረደ መድሃኒቱ ይቆማል፤ ፕሌትሌት 75,000፣ ኒውትሮፊል 1,500 ሲደርስ በነበረው ዶዝ ይመለሳል። ዳግመኛ ከወረደ እንደገና ቆሞ፣ ሲያገግም በ300 ሚሊግራም ይቀጥላል።

ችግሩ

በ2ኛው ሳምንት ፕሌትሌት 165,000 ነበር። በ4ኛው 71,000 ሆነ። በ6ኛው ሳምንት 44,000 ሲመጣ፣ የጎንዮሽ ጉዳቶችን ክብደት በሚመድበው የሲቲሲኤኢ መለኪያ ደረጃ 3 ተብሎ ተመዘገበና መድሃኒቱ በዚያው ቀን ቆመ። ማንም አልተደነቀም። ኢማቲኒብ በጀመሩ ታካሚዎች ላይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፕሌትሌት መውረዱ የታወቀ ነው፤ የታመመው መቅኔ ሲጸዳ ጤናማው እስኪያገግም ክፍተት ይፈጠራል።

መድሃኒቱ ከቆመ በኋላ ግን ቁጥሩ አልተነሳም። በ7ኛው ሳምንት 39,000፣ በ8ኛው 46,000፣ በ9ኛው 43,000። በዚሁ ጊዜ ነጭ የደም ሴል ከ3,900 ወደ 5,200፣ ከዚያ ወደ 7,600፣ ከዚያም ወደ 10,900 ወጣ። ሄሞግሎቢን አልተነቃነቀም።

ሁኔታው አሳሳቢ መስሎ ነበር። በሕክምና ያልመጣና የማይለቅ ከ100,000 በታች የሆነ ፕሌትሌት፣ በሽታው ወደ ተፋጠነው ምዕራፍ ለመሸጋገሩ ከሚቆጠሩት መስፈርቶች አንዱ ነው። መድሃኒቱ ከቆመ 3 ሳምንት ስላለፈው «በሕክምና የመጣ ነው» የሚለው መልስ እየደከመ ሄደ። ሽግግሩ ከተመዘገበ ተሳታፊዋ ከጥናቱ ይወጣሉ፤ ሕክምናቸውም አቅጣጫው ይቀየራል። መቅኔ ዳግም እንዲወሰድ ቀጠሮ ተያዘ፤ ከዚያ በፊት ፕሌትሌት እንዲሰጣቸውም ሐሳብ ቀርቦ ነበር።

ቀድሞ የነበሩ ፍንጮች

ጥርጣሬውን የቀሰቀሰው አንድ የመድሃኒት መዝገብ መስመር ነው። በ9ኛው ሳምንት ጉብኝት የጥናቱ ነርስ በተጓዳኝ መድሃኒቶች ቅጽ ላይ «አሞክሲሲሊን፣ 5 ቀን፣ ለጥርስ» ብላ ጻፈች። ተመራማሪው ሀኪም ዝርዝሩን ሲጠይቁ፣ ተሳታፊዋ በ8ኛው ሳምንት መንጋጋ ጥርስ እንዳስነቀሉና ደሙ ጥጥ ነክሰው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እንደቆመ ተናገሩ። ፕሌትሌታቸው በእርግጥ 46,000 ቢሆን ኖሮ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ረዘም ያለ መድማት ይጠበቅ ነበር። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በዚህ ቁጥር የማይደማ ሰውም አለ። ግን ሀኪሙ ዳግመኛ ሲመረምሯቸው እግራቸው ላይ ቀይ ነጠብጣብ የለም፣ ድዳቸው አይደማም፣ የደም መቅጃው ቦታ እንኳ አልበለዘም።

ወደኋላ ሲታይ ሌሎች ሦስት ፍንጮች ነበሩ።

የመጀመሪያው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የነበረ ነው። ያን ቀን የተቀዳው ደም በሁለቱም ቦታ ተቆጥሯል፤ በሆስፒታሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ 612,000፣ በማዕከላዊው ከ26 ሰዓት በኋላ 388,000። ልዩነቱ ከ200,000 በላይ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ከአደጋ ገደብ ርቀው ስለነበር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ያያቸው ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ሕዋሶቹ የሄዱበት አቅጣጫ ነው። መድሃኒቱ መቅኔን አፍኖ ከሆነ፣ ሲቆም ሁሉም ሕዋሶች በየተራ ማገገም አለባቸው። እዚህ ነጩ እየተነሳ ፕሌትሌት ብቻውን ባለበት ቆመ።

ሦስተኛው በጣም የሚያስቆጨው ነው። የማዕከላዊው ማሽን ከአምስት ውጤቶች በሦስቱ ላይ «የፕሌትሌት ክምር ሊኖር ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነበር። ማስጠንቀቂያው የነበረው በወረቀቱ ሁለተኛ ገጽ የአስተያየት ሣጥን ውስጥ ነው። ወደ ጥናቱ የመረጃ ቋት የሚተላለፈው ፋይል ግን ቁጥሮችን ብቻ ይወስድ ነበር፤ ሀኪሙ የሚያዩት ስክሪን ላይ ማስጠንቀቂያው በጭራሽ አልደረሰም።

የማጣሪያው ምርመራ

በዚያው ጉብኝት፣ መቅኔው ሳይነካ፣ የሚከተለው ተደረገ። ቅደም ተከተሉን በዝርዝር ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ የትኛውም ሆስፒታል በአንድ ጠዋት ሊሠራው የሚችል ነው።

አስቀድሞ ጣት ተወግቶ ከሚወጣው ደም በቀጥታ ስሚር (በስላይድ ላይ በስሱ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ደም) ተሠራ። ይህ ደም ምንም ዓይነት ፀረ መርጋት ኬሚካል አልነካውም። ከዚያ ከክንድ ሥር መጀመሪያ የሲትሬት (ሌላ ፀረ መርጋት ኬሚካል ያለበት) ቱቦ፣ ቀጥሎ ሁለት የኢዲቲኤ ቱቦዎች ተቀዱ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፤ ኢዲቲኤው ወደ ሲትሬቱ እንዳይሻገር ነው። የሲትሬት ቱቦው 0.3 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ስላለው እስከ መስመሩ 2.7 ሚሊ ሊትር ደም መሙላት አለበት፤ ከጎደለ ቅጥነቱ ይዛባል፣ የማስተካከያ ስሌቱም አይሠራም። ሲትሬቱ 4 ጊዜ፣ ኢዲቲኤው ደግሞ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ቀስ ተብሎ ተገለበጠ።

አንደኛው የኢዲቲኤ ቱቦ በክፍል ሙቀት ተቀምጦ በተለያየ ሰዓት ተቆጠረ። በ10 ደቂቃ 231,000። በ1 ሰዓት 168,000። በ4 ሰዓት 82,000። በ24 ሰዓት 40,000። ያው ቱቦ፣ ያው ደም፣ ያው ማሽን ነው። የመጨረሻው ቁጥር ከማዕከላዊው ውጤት ጋር ሊጋጠም ምንም ያህል አልቀረውም።

ሁለተኛው የኢዲቲኤ ቱቦ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተቀምጦ በ4 ሰዓት 175,000 ተነበበ። ሲትሬቱ በ10 ደቂቃ 214,000 ሰጠ። ሲትሬቱ ደሙን በአንድ አሥረኛ ስለሚያቀጥነው ይህ በ1.1 ይባዛል፤ ውጤቱ 235,000 ነው።

ስሚሮቹ ነገሩን ዘጉት። ከ4 ሰዓቱ የኢዲቲኤ ደም የተሠራው ስላይድ መሃሉ ላይ ፕሌትሌት የጠፋበት ይመስል ነበር፤ ጅራቱ ላይ ግን ሃያ ሠላሳ ሆነው የተጣበቁ ክምሮች ሞልተዋል። ክምር ከቀሪው ደም ስለሚከብድና ስለሚተልቅ ሲጎተት ወደ ዳር ይሄዳል፤ መሃሉን ብቻ የሚያይ ሰው ያልፈዋል። በጣት ደሙ ስላይድ ላይ ደግሞ በመቶ ማጉያ ሌንስ፣ በዘይት፣ በ10 መስኮች በአማካይ 12 ፕሌትሌት ተቆጠረ። አንዱ ከ15,000 እስከ 20,000 ይወክላል ተብሎ ሲሰላ ከ180,000 እስከ 240,000 ይሆናል። በሦስት የተለያዩ መንገዶች የተገኙት ቁጥሮች ተስማሙ።

ከረጋ ደም ጋር አለመምታታቱም ታይቷል። ቱቦዎቹ በእንጨት ዘንግ ተፈትሸው የፋይብሪን ክር (ደም ሲረጋ የሚፈጠር ክር) አልተገኘባቸውም። ደም በአቀዳድ ስህተት ረግቶ ከሆነ በሚቀጥለው ቀን በጥንቃቄ ሲቀዳ ይስተካከላል፤ ይህ ግን በአራት የተለያዩ ቀኖች በአራት የተለያዩ እጆች ተቀድቶ ያንኑ መልስ ሰጥቷል።

ቱቦው ውስጥ የሆነው

ኢዲቲኤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ካልሲየምን አጥብቆ በመያዝ ነው። ካልሲየም ሲጠፋ በፕሌትሌት ገጽ ላይ ያለው የግላይኮፕሮቲን 2ቢ/3ኤ ጥምረት ቅርጹ ይለወጥና ተሸፍኖ የነበረ ክፍሉ ይገለጣል። በጥቂት ሰዎች ደም ውስጥ ያንን ክፍል የሚያውቅ አንቲቦዲ አለ፤ ተጣብቆ ፕሌትሌቶቹን እርስ በርስ ያያይዛቸዋል። አንቲቦዲው አብዛኛውን ጊዜ ከሰውነት ሙቀት በታች ይበረታል። ቱቦው ሲቀዘቅዝና ሲቆይ ክምሩ የሚያድገው ለዚህ ነው። በሰውየው ሰውነት ውስጥ ኢዲቲኤ ስለሌለ ምንም አይፈጠርም፤ አይደማም፣ አይረጋበትም። ክስተቱ በሕክምና ጽሑፍ ከ1969 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ከሺህ ሰው አንድ ገደማ ላይ ይታያል።

ማሽኑ ሕዋስ የሚለየው በመጠን ነው። ክምሩ ከፕሌትሌት ስለሚተልቅ ከፕሌትሌት ቁጥር ይወጣል፤ አንዳንዱም እንደ ነጭ የደም ሴል ይቆጠራል። ስለዚህ የነጭ ሴሉ ጭማሪም በከፊል ውሸት ነበር። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም፤ ስሚሩ ላይ ማይሎሳይት (ያልበሰለ ነጭ የደም ሴል) ታይቷል፤ ይህም በሽታው ያለ መድሃኒት መመለስ መጀመሩን ያሳያል።

መድሃኒቱን መመለስ

ውጤቱ ግልጽ ሆኖ ሳለ ፕሮቶኮሉ አሁንም «በማዕከላዊ ላቦራቶሪ 75,000 እስኪደርስ» ይል ነበር። በዚያ መንገድ መቼም አይደርስም።

በቡድኑ ውስጥ ክርክር ተነሳ። የመልካም ክሊኒካዊ አሠራር መመሪያ፣ በ2016ቱ የኢ6 ክለሳ አንቀጽ 4.5.4፣ ተሳታፊን ከቅርብ አደጋ ለማዳን ሀኪም ያለ ቅድመ ፈቃድ ከፕሮቶኮሉ መውጣት እንደሚችል ይፈቅዳል። አንዳንዶች በዚህ አንቀጽ በዚያው ቀን ይጀመር አሉ። ተመራማሪው ሀኪም አልተስማሙም፤ ልክም ነበሩ። አንቀጹ ለሰዓታት አደጋ የተጻፈ ነው፤ ሁለት ቀን መጠበቅ ታካሚዋን አይጎዳም፤ ያለ አግባብ ከተጠቀሙበት ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ክብደት ያጣል። ስለዚህ የመቅኔውና የፕሌትሌት ትዕዛዙ ወዲያው ተሰረዙ፤ የሰዓቱ ሠንጠረዥ፣ የሦስቱ ስላይዶች ፎቶና የአንድ ገጽ ማብራሪያ ለስፖንሰሩ (ጥናቱን ለሚያስኬደው አካል) የሕክምና ተቆጣጣሪ ሀኪም ተላኩ። የጽሑፍ ስምምነቱ በሁለተኛው ቀን መጣ። ኢማቲኒብ በ400 ሚሊግራም ተመለሰ፤ ወደ 300 አልወረደም። ጉዳዩ የፕሮቶኮል መዛነፍ ተብሎ ተመዝግቦ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ተገለጸ።

ለተሳታፊዋም የሆነው ሁሉ ተነገራቸው። ቀላሉ ክፍል ደማቸው ደህና እንደነበር መንገር ነው። ከባዱ መድሃኒታቸው ያለ ምክንያት መቆሙን መንገር ነበር፤ ይህም ሳይሸፋፈን ተነግሯል፤ በጥናቱ መቀጠል አለመቀጠል የእርሳቸው ውሳኔ መሆኑም ተደግሟል። ቀጠሉ።

ያልሠሩ መፍትሔዎች

የመጀመሪያው ሐሳብ የሲትሬት ቱቦ ወደ ማዕከላዊው መላክ ነበር። ሁለት ጊዜ ተላከ። አንዱን ላቦራቶሪው «ላልተረጋገጠ የናሙና ዓይነት ውጤት አንሰጥም» ብሎ ሰረዘው፤ ትክክልም ነበር። ሌላው ተቆጥሮ፣ ከማስተካከያው በኋላም 141,000 ብቻ መጣ፤ በዚያው ሰዓት ተቀድቶ በሆስፒታሉ ወዲያው የተቆጠረው ግን 228,000 ነበር። ሲትሬት ክምሩን ያዘገየዋል እንጂ በሁሉም ሰው ላይ አያስቀረውም፤ እርሱም ቢሆን ካልሲየም ይይዛል።

ደሙን ሙቅ አድርጎ መላክ ሁለተኛው ሐሳብ ነበር። ለ26 ሰዓት 37 ዲግሪ የሚጠብቅ መያዣ አልተገኘም፤ ቢገኝም እንደዚያ የቆየ ደም ሌሎቹን ሕዋሶች ያበላሻል። ቱቦው ላይ አሚካሲን የተባለ አንቲባዮቲክ መጨመርም ተነስቶ ነበር። በጽሑፍ የተዘገበ ዘዴ ነው፤ ግን ለአንድ ተሳታፊ ሲባል ያልተረጋገጠ ዘዴ ወደ ጥናት ማስገባት አንዱን ስህተት በሌላ መተካት ነው።

የሠራው ከሁሉም ቀላሉ ነው። የተሳታፊዋ ፕሌትሌት በሲትሬት ተቀድቶ በ15 ደቂቃ ውስጥ በሆስፒታሉ ይቆጠራል፤ በየጊዜው አንድ ስሚር ይታያል፤ ሌላው ሁሉ እንደ በፊቱ ወደ ማዕከላዊው ይሄዳል። ይህን የፈቀደው የፕሮቶኮል ማሻሻያ እስኪጸድቅ 5 ሳምንት ፈጀ፤ በዚያ መሃል የነበረው እያንዳንዱ የዶዝ ውሳኔ እንደ መዛነፍ ተመዘገበ።

መዝገቡ

44,000፣ 39,000፣ 46,000 እና 43,000 ከመረጃ ቋቱ አልተሰረዙም። የተለካ ቁጥር ውሸት ቢሆንም ተለክቷል፤ ሲሰረዝ ታሪኩ ይጠፋል። የተደረገው በእያንዳንዱ ላይ ምክንያቱን የሚገልጽ ማስታወሻ ማያያዝ ነው። መድሃኒቱ የቆመበት ምክንያት «የጎንዮሽ ጉዳት» ከሚለው ወደ «የላቦራቶሪ ስህተት» ተለወጠ፤ የማን እጅ፣ መቼ፣ ለምን እንደለወጠው ይታያል። በደህንነት ሠንጠረዡ ውስጥ እነዚህ ቁጥሮች እንዴት እንደሚያዙም ቋቱ ከመቆለፉ በፊት በጽሑፍ ተወሰነ።

በ6ኛው ሳምንት የተመዘገበው ደረጃ 3 የፕሌትሌት ማነስ ግን አከራካሪ ነበር። የዚያን ቀን ትክክለኛ ቁጥር ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ስሚር አልተሠራም። ኢማቲኒብ በመጠኑ አውርዶት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «አልነበረም» ተብሎ አልተጻፈም፤ «ሐሰተኛ የፕሌትሌት ማነስ የተረጋገጠበት ተሳታፊ፣ እውነተኛው መጠን ያልታወቀ» ተብሎ ተስተካከለ።

ውጤቱ

በ3ኛው ወር የቢሲአር ኤቢኤል (የዚህ ሉኬሚያ መለያ የሆነው ጂን) መጠን በዓለም አቀፉ መለኪያ 14 በመቶ ነበር። ከ10 በመቶ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከጸና፣ በዩሮፒያን ሉኬሚያኔት (የአውሮፓ የሉኬሚያ ባለሙያዎች መረብ) የ2020 መመሪያ መሠረት ሕክምናው አልሠራም ይባላል። ተመራማሪው ሀኪም መድሃኒት ለመቀየር አልቸኮሉም፤ ከ3 ወር ውስጥ 24 ቀን ያልተወሰደ መድሃኒት አልሠራም ሊባል አይችልም። በ4ኛው ወር ሲደገም 6.2 በመቶ ሆነ። በ6ኛው ወር 1.4፣ በ12ኛው ወር 0.08 በመቶ። የ12ኛው ወር ግብ 0.1 ስለሆነ ደረሱበት። መቋረጡ መንገዱን ምን ያህል እንዳዘገየው በአንድ ሰው መለካት አይቻልም።

ለሌላ ጥናት የሚተላለፈው

የዶዝ ደንብ ያለው ፕሮቶኮል የሚጽፍ ሰው፣ መድሃኒት ከመቆሙ በፊት አንድ ስሚር እንዲታይ የሚያዝ መስመር ያስገባ። የሚያስከፍለው አንድ ስላይድና ጥቂት ደቂቃ ነው። መድማት የሌለበት፣ ሌሎች ሕዋሶች ያልወረዱበት የፕሌትሌት ማነስ ሲሆን ደግሞ ስሚሩ ግዴታ ይሁን፤ ጅራቱም ይታይ።

ማዕከላዊ ላቦራቶሪ በሚጠቀም ጥናት፣ በመጀመሪያው ቀን የሁለቱ ላቦራቶሪዎች ቁጥር ሁለቱም ደህና ቢሆኑም ይነጻጸሩ። ልዩነቱ ከሩብ በላይ ሲሆን የመረጃ ቋቱ ራሱ ጥያቄ እንዲያነሳ ማድረግ ይቻላል። ይህ ጥናት አሁን እንዲህ ያደርጋል።

የማሽን ማስጠንቀቂያ ከቁጥሩ ጋር አብሮ መተላለፉን ጥናቱ ሳይጀመር በሙከራ ናሙና መፈተሽ ያስፈልጋል። ላኪው «እንልካለን»፣ ተቀባዩ «እንቀበላለን» ማለታቸው አይበቃም፤ አንድ ማስጠንቀቂያ ያለበት ውጤት ልኮ ሀኪሙ ስክሪን ላይ መድረሱን በዓይን ማየት ነው።

የተጓዳኝ መድሃኒቶች ቅጽ እንደ አሰልቺ ወረቀት ይቆጠራል። በዚህ ጉዳይ ግን መልሱን የሰጠው እርሱ ነው። ነርሷ «ለጥርስ» የሚለውን ቃል ባትጽፍ ኖሮ ተሳታፊዋ ፕሌትሌት ተሰጥቷቸው መቅኔያቸው ዳግም ይወሰድ ነበር።

ተሳታፊዋ አሁን አንድ ካርድ ይይዛሉ፦ «በኢዲቲኤ ቱቦ ፕሌትሌቴ በውሸት ይወርዳል። በሲትሬት ቀድተው በ15 ደቂቃ ውስጥ ይቁጠሩ፤ በ1.1 ያባዙ፤ ስሚር ይዩ።» ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልጋቸው ወይም በሌላ ከተማ ቢታመሙ፣ የጥናቱን ፋይል የማያውቅ ሀኪም የሚያገኘው ይህንኑ ካርድ ነው።